አትንገረኝ

ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋው የኛ ነው፤
ከድልድዩ በታች ነው መረባችን ያለው።
ሁለት የሃዲድ ብረት፣ መሐላቸው ገመድ፤
መስመሩን በተረከዜ እሰምራለሁ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትነድ።

ሆዳን ከገንደ ቆሬ፣ ኢፍቱ ከሳቢያን፤
ሁለቱም አሥራ አራት፣ ሁለቱም ሰርቩን
መረብ ላይ የሚሰቅሉ።

አንድ ጠዋት፣ ምን እንደነካኝ ዛሬም አልገባኝም፣
«ሆዳን፣ ኳሱን አንቺ ምረጪ» አልኩ፤ «እኔ አልመርጥልሽም፤
የተጣፈው አለ፣ ቢጫው አለ፣ ይሄ አየር የጎደለው።
ስለ አመታትሽ ስትፈልጊ ጠይቂኝ፤ ካልጠየቅሽኝ ዝም ነው።»

ኢፍቱን ምርጫ ነፈግኳት፤ በሆዳን ልክ ሰፋሁላት፤
ሆዳን ቢጫውን ስታነሳ፣ ቢጫውን አቀበልኳት፤
ሆዳን በሰባተኛው «እንዴት ነበር?» ካለችኝ፣
ኢፍቱንም በሰባተኛው «ክርንሽ ወርዷል» አልኳት፣ እሷ ሳትጠይቀኝ።
ኳሱ አንድ፣ ቃሉ አንድ፣ አንድ የሆነ ቁጥር፤
የታላቋን ቀሚስ እንደለበሰች ታናሽ፦ ልኩስ ልክ ነው፣ ግን የሰው ነገር።

ሆዳን ስትመርጥ አትቸኩልም፤
ኳሱን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታንኳኳዋለች፣ ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው።
ሲያምርላት ዞር ብላ «እንዴት ነው?» ትለኛለች፤
ሲበላሽባት ግን ፊቷን ወደ ተራራው ታዞራለች።
«ምነው የተበላሸውን አትጠይቂኝ?» ብላት፣
«እሱንማ እጄ ነገረኝ» አለችኝ። ምን ልበላት?

ነሐሴ ላይ ጎርፉ ወረደ፤ መስመሬን ላሰው፣
አንዱን ብረት አጎነበሰው።
አንድ ወር ኳስ ሳንነካ ቆየን።
መስከረም ላይ፣ በማናውቀው እርጥብ አሸዋ ላይ ተገናኘን።
«አሥር አሥር ምቱ፤ ዛሬ ምክር የለም፤ ለሁለታችሁም ቢጫው።»
ሆዳን ሰባቱን አሻገረች። ኢፍቱ ሦስት ብቻ ነው።
ሦስት!
ከድልድዩ ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር ክላክሱን ነፋ፤
የኢፍቱ አንገት ተደፋ።

እኔም እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ።
ምድር ባቡር ጋራዥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብሎን ሳጠብቅ ኖሬአለሁ፤
ፎርማኑ ቁልፍ ያቀብለኝ ነበር፣ ቁጥሩን እሱ መርጦ፤
እጄ ተዘርግቶ፣ ዓይኔ ሌላ ቦታ አፍጥጦ።
ጡረታ ወጥቼ የቤቴ ቧንቧ ሲያፈስ፣
አሥራ ሦስት ይሁን አሥራ አራት፣ አመሸሁ ቁልፍ ስዳስስ።

ተነሳሁ። «ኢፍቱ፣ ክርንሽን...» ብዬ ሳልጨርስ
እጇን ወደ ላይ አነሳች፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ።
«አትንገረኝ» አለች። (ድሬ አንቱታ አታውቅም።)
ሄዳ ማንም የማይነካውን፣ አየር የጎደለውን አነሳች፤
ፀሐይ ፊት ለፊት ወደሚመታው ጥግ ተሻገረች፤
አሸዋ ላይ አነጠረችው፤ አልነጠረም፤ ሳቀች።
ከዚያ መታችው።

ኳሱ የመረቡን ጫፍ ነካ፤ ጥቂት አመነታ።
በየት በኩል እንደወደቀ፣
ፊሽካዬን ከአንገቴ ሳወልቅ አይቻለሁ።
እሷ ካልጠየቀችኝ ግን ዝም እላለሁ።