ኤምን ገልብጬ

ሃያ ሁለት ዓመት ማልያ ጀርባ ላይ ስም ስለጥፍ ኖርኩ፣
እንደ ዓሣ እሾህ ፊደል በወረንጦ አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣
በጋለ መተኮሻ ስንቱን የመንደሬን ልጅ በስሙ አተምኩ።

ፋሮ ነው አገሬ፤ ከባሕርና ከበግ የተረፈ ድንጋይ፣
ኳስ ገደል ከገባች ጀልባ ነው የሚያወጣት፣
ያውም ነፋስ ሲተኛ፣ ሲጠራ ሰማይ።

ድሮ ቀላል ነበር።
በረኛው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ተከላካዩ የመምህሩ፣
የቄሱ ሁለት ልጆች መሐል ሜዳ ላይ ሲደነቃቀሩ፣
ዘጠኝ ቁጥር ደግሞ የኔው ልጅ ኤዩን፣
እንዳባቱ ሲሮጥ ትከሻው የሚያዘነብል ወደ ጎን፣
ጎል ሲያገባ እንኳን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል በረኛውን።

ሽማግሌው ጆግቫን አጥሩን ተደግፎ፣
ኳስ የነካ ሁሉ ሲያልፍ፣ "የማን ልጅ ነው?" ይላል፤
መልሱን እያወቀ።
ጥያቄውም የጨዋታው ግማሽ ነው።

በፊደላችን ውስጥ አንዲት አለች፣ ኤድ የምትባል፣
ደረቷ ላይ ሰረዝ የተጋደመባት፤
እጅ ይጽፋታል እንጂ ምላስ ይዘላታል።
በልጄ ስም መሐል ተቀምጣለች፣ ዝም ብላ።
መሳቢያዬ ሙሉ ነው፤
አቧራ ይጠጣል እንግዲህ፣ ምን ይሆናል ሌላ።

ከዚያ የሳልሞኑ ከበርቴ ኪሱን ፈታ፣
በአውሮፓ ማጣሪያ አንድ ዙር አለፍን፣ መንደሩ ሰክሮ አመሸ በደስታ፣
በማግስቱ ከጀልባው ይወርዱ ጀመር፦
ሰርቢያዊ፣ ብራዚላዊ፣ ከሴኔጋል ሁለት ወንድማማች፣
ስማቸው ረጅም፣ ጃኬታቸው ስስ።
ኦ አለቀችብኝ። አይ አለቀች።
ደብልዩ ከመነሻውም አልነበረችኝ፣
በቋንቋችን የለችማ፤ ማን ጠርቷት፣ ማንስ አዞኝ።

አንድ ሐሙስ በወረቀት ስም መጣ፦ ክዋርተንግ፣ ከጋና።
ቁጥሩ ዘጠኝ።
ሁለቴ አነበብኩት። ሦስቴ።
ዘጠኝ፣ ያው ዘጠኝ።
ኤምን አንስቼ ገለበጥኳት፣ እግሯን ወደ ሰማይ፣
"ይቺው ትበቃዋለች" አልኩ በልቤ፤ ክፋት ነው ወይ?
ክፋት ነው። አውቄ አጣመምኳት፣ ትንሽ፣ እንዳይታይ።

ቅዳሜ ሦስት አገባ።
ጆግቫን በልማዱ፣ "የማን ልጅ ነው?" አለ።
የመለሰ አልነበረም፤
የማዕዘኑን ባንዲራ ነፋስ እያላተመ ዋለ።

ልጄ በሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ገባ፣ አሥራ ዘጠኝ ለብሶ።
ክዋርተንግ ሲወጣ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለው፣
ሳቁ ሁለቱም።
በምን እንደቀናሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማታ ሾርባ ፊት ለፊት፣ "ይበልጠኛል፣ እማ" አለኝ፣
"ግራ እግሩ ብቻውን ይበልጠኛል።"
አሠልጣኙን ሰደብኩ፣ ከበርቴውን ሰደብኩ፣
ካርታ ላይ የማላገኛትን ጋናን ሰደብኩ፤
ልጄ ሳህኑን አጥቦ ተኛ።
ንጋት ላይ የዓሣ ፋብሪካው ይጠብቀዋል፣ ፎርክሊፍት ያሽከረክራል።

ማክሰኞ በሬ ተንኳኳ። ክዋርተንግ ነው፣ ዝናብ የጠጣ፣
ማልያውን ዘርግቶ ጣቱን ደብልዩዋ ላይ ሲያሳርፍ
"በቃ" አልኩ፣ "ነገር መጣ።"
እሱ ግን፦ "ልክ እንደዚህ ያለ ሌላ፣ ለእናቴ።
በስልክ አይታ ስቃ ስቃ ሞተች፤
ፊደሏ እየደነሰች ነው፣ እንዳታቃኗት አለች።"
እርጥቡን ክሮነር ቆጥሮ አስቀመጠ፣ ሳንቲሙ ሳይቀር።
ማን ትባላለች? አልኩት፤
ድምፄ የኔ አልመሰለኝም ነበር።

ቀጣዩ ቅዳሜ።
ጭጋግ፣ ፍዮርዱ አይታይም፣ ኳሷም በግድ።
ጆግቫን አጥሩ ላይ፣ "የማን ልጅ ነው?"
"የአፍሪዬ" አልኩ።
"የትኛዋ አፍሪዬ? ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለችው?"
አሰበ፤ እያሰበም ቀረ።
ኤዩን ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ ጫማውን ያስር ነበር፣
ገና በሰባ ዘጠነኛው ደቂቃ።