በሌለችበት

በስካርቮይ ደሴት፣ በሰሜን ጫፍ ዳር ላይ
ከኅዳር ጀምሮ ጠፍታ ነበር ፀሐይ።
ሰማዩ ይገረጣል ሁለት ሰዓት ያህል፤
ከዚያ የመንገድ መብራት በጉም ይዋልላል።
በእሷ ፈንታ ለልጆች፣ በማንኪያ፣ ጠዋት ጠዋት፣
የዓሣ ጉበት ዘይት።

የራቀ ይታማል። በመንጠቆው ቤት ውስጥ
ለረዥሙ ገመድ ሄሪንግ ስንቆርጥ፣
ጣታችን ደንዝዞ ቢላው እስኪያመልጥ፣
በሌለችበት ከስሰን አቀረብናት ለፍርድ፤
የክሱም ጭብጥ፦ በምን እንደምትነድ።

ቶርሌይፍ ቀደመ፤ አርባ ዓመት በመርከብ
ሽቦ ሲጠግን ኖሮ በሽቦ የሚያስብ።
«አምፖል ናት» አለን፣ «ራሷ አትነድም፤
ኮረንቲ ይመጣል፣ ከኅዋ፣ ከየትም።
ምድጃ ብትሆን ኖሮ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ፣
ከእሳቱ ስትርቁ ነው የሚሞቃችሁ?
ገላዋ ስድስት ሺህ ዲግሪ ከሞቀ
አክሊሏ ሚሊዮን ነው፣ ከገላዋ የራቀ!»

አስላውግ ሳቀችበት። በወጣትነቷ
የማዕድን ወደብ ላይ ነው ያለቀው ጉልበቷ።
«ብረት ነች» አለችው፣ «ከልብ እስከ ቅርፊት፤
ዕቶን አይቻለሁ፣ አትንገረኝ ስለ እሳት።
ጋዝ ብትሆን ኖሮ፣ ያለ አንዳች አጥንት፣
በተነፈሰች ነበር እንደ ልጅ ፊኛ፣ ድንገት።»

ፖስታ አብራሪው ሄልገ ጭራሽ ሁሉን ካደ፦
«ፀሐይ ቀዝቃዛ ናት። ማን ነካት? ማን ነደደ?
ሽቅብ በበረርኩኝ፣ በቀረብኳት ቁጥር
ብርዱ ነው የሚብስ፣ ጢሜ ላይ ሲጋገር።
ሙቀቱ ከአየር ነው፣ ብርሃን ሲፋተግበት፤
እጅ ለእጅ ማሸት ነው፣ ሌላ የለም እሳት።»

ኢንግቫልድ ዝም ብሏል፣ የጥንቱ መምህር፤
ሚስቱን በመስከረም ሰጥቷል ለአፈር።
አራት የዓሣ ራስ ደርድሮ በጣውላው
«እነዚህ ሃይድሮጅን ናቸው» አለ፣ «በሆዷ ያለው።
ግፊቱ ሲበረታ አንድ ሂሊየም ይሆናሉ።
አሁን መዝኗቸው፤ ጥቂት ይጎድላሉ።
ያ የጎደለው ነው፣ ከሺህ ሰባት እጁ፣
በሐምሌ ፊታችሁን የሚያሞቅ ከደጁ።
ከልቧ ለመውጣት ብዙ ሺህ ዓመት ይዳክራል፤
ከወጣ ግን በስምንት ደቂቃ እዚህ ይደርሳል።»

«አክሊሏስ?» አለ ቶርሌይፍ። ኢንግቫልድ ሳይቸኩል
ቢላውን ጠረገ። «እሱ ገና… ይጠናል።»

ቶርሌይፍ ጣውላውን መታ፦ «ተረታ! ተረታ!»
ዳኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ፍርዴ ግን ተምታታ፤
እውነት የያዘው ሰው «አላውቅም» ሲል ሰምቼ፣
ያልያዘው ደግሞ ሲምል፣ ሲገዘት አይቼ።

በጥር አንድ ማክሰኞ
ተከሳሿ መጣች።
መጥሪያ ሳይደርሳት
ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ግንባሯን አወጣች።

ወጣን እንዳለን፣ ሽርጣችን ላይ ቅርፊት፤
ጓንት ተወለቀ፣ ማንም ሳያዘን፣ በድንገት።
ሄልገ ጢሙን ዳሰሰ።
ቶርሌይፍ ከኪሱ ቮልት መለኪያ አውጥቶ
ሁለቱን ሽቦዎች ወደ ሰማይ ዘርግቶ
ቆመ እንደ አንቴና። ቁጥሩ ዜሮ ነበር።
«ባትሪው ነው» አለን፣ ሳንጠይቀው፣ በማፈር።

አስላውግ ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን አቅንታ፣
«ቀይ!» አለች፣ «ቀይ ፍም! ብረት ናት አላልኩም?» በደስታ።
«ብረት ነው» አላት ኢንግቫልድ፤ አልሳቀም፤ «ልክ ነሽ።
የዓይንሽ ቆብ ደም ነው፤ ብረት አለው ደምሽ።»

አራት ደቂቃ ቆማ፣ ቃሏን ሳትሰጥ ገባች፤
ዋስ አልጠራች፣ ቀጠሮም አልጠየቀች።

እኛም ተመለስን። ምድጃው ከስሟል፤
ሦስት መቶ መንጠቆ ገና ይጠብቀናል።
«አክሊሏ ግን…» ብሎ ቶርሌይፍ ጀመረ።
ኢንግቫልድ ጣውላው ላይ ራሶቹን ቆጠረ፦
ሦስት።
እንደገና ቆጠረ።
ከበርሜሉ ኋላ ድመቷ አፏን ትልሳለች።