ካርዱ ሞልቷል

አሥራ ሁለት ዓመት ቆጣሪ አነበብኩ፣
በየግቢው በራፍ «ከውሃ ነኝ!» እያልኩ።
ከታቦር ግርጌ እስከ አሞራ ገደል
ውሻ ሁሉ ያውቀኛል፤ ግባ ያለኝ የለም፣ ሁሉም ውጣ የሚል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ነቅቼ፣
ካሜራዬን አንግቼ፣
በሐይቁ ዳር ሣር ላይ በሆዴ ተኝቼ፣
ወፍ ፎቶ አነሣለሁ።
ማንም አላዘዘኝ፣ ማንም አልከፈለኝ፣
ስስት ነው መሰለኝ።
ያቺን ጥቁርና ነጭ፣ ዓሣ ለቃሚዋን፣
ከውሃው ስትወጣ ከክንፏ ጫፍ ላይ የምትወድቀውን
አንዷን ጠብታ ብዬ ሦስት ዓመት ጠበቅኳት፤
አንድ ጧት አገኘኋት።
ወፍ ደግሞ ደግ ናት፤ «አጠቆርከኝ» አትልም፣
«ሆዴን አጥፋልኝ» ብላ በሌሊት አትደውልም።

«እህቴን ልድር ነው» አለኝ ዱካለ በስልክ፣
«አንተ እያለህልን ሌላ ሰው አናይም፤ ዋጋህን ጽፈህ ላክ።»

ዋጋ!
የሰው ሁሉ ቁጥር ስጽፍ የኖርኩ ሰው
የገዛ ቁጥሬን ምን ብዬ ልጻፈው?
«የፈቀዳችሁትን» ብዬ ስጽፍ፣ ሳጠፋ፣ ስሳቀቅ፣
ዘነበች ስልኩን ነጠቀችኝና፣ ሳትስቅ፣
«አሥራ ስምንት ሺ፣ ግማሹ በቅድሚያ» ብላ ላከችለት።
ከኔ የሚበልጥ ሰው ስም የሰረቅኩ ሆኜ አደርኩ ያን ሌሊት።

እሑድ።
ሚዜው ጥቁር መነጽር፣ መኪናው ሪባን፣
ባለ ድሮኑ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ዞር በል እስቲ» ይለኛል አሁንም አሁን።
ከሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ሙሽሮች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ፣
እኔ በሆዴ የተኛሁበት ሣር ላይ ቬሎ ይጎትታሉ።
የኔ ዕቃ አንድ ካሜራ፣ አንድ የውሰት ሌንስ፣
ዘነበች ከጎኔ በነጭ አንሶላ ብርሃን ስትመልስ።

ከዚያ አዳራሹ።
ፓስተሩ «ቀለበቱን» አለ። ሰው ሁሉ ተነሣ።
ተጫንኩ።
ካሜራው ዝም።
ቀይ ጽሕፈት ብልጭ አለ፦ ካርዱ ሞልቷል።

በምን ሞላ? በወፍ!
ሌሊቱን ባትሪ ስቆጥር፣ ሌንስ ስወለውል፣ ካርዱን ዘንግቼው፤
ኮምፒውተሩም ከተቃጠለ ወር አልፎት፣ የወፎቹ ቤት እሱ ብቻ ሆኖ።

አውራ ጣቴ ሮጠች። ዳክዬዋ፣ ትጥፋ። ሽመላው፣ ይጥፋ።
አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ፣ ለሠርግ የለበሰ የሚመስለው፣ እሱም ይጥፋ።
አልበቃም።
እሷ መጣች። ክንፏ። ጠብታዋ።
ሦስት ዓመት።

ቀና አልኩ። ቀለበቱ ገብቶ አልቋል።
ከሙሽራዋ ጀርባ ግን አቶ ሐመሶ፣
ሲስቁም ሲያዝኑም ማንም አላያቸውም የሚባሉት፣
ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደ ጫጩት ታቅፈው፣
ዓይናቸው ሞልቷል።

ወፏን ለቀቅኳት።
እሳቸውን አነሣሁ።

ላመለጠው ቀለበት ሁለት ሺ ቀነሱብኝ። ልክ ናቸው፤ አልተከራከርኩም።
ዘነበች ተከራከረች፤ አንዱን ሺ አስመለሰች።
ማክሰኞ አቶ ሐመሶ ራሳቸው ቢሮዬ መጡ፤
ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ፎቶ አወጡ።
ብዙ አዩት። «ይሄ እኔ አይደለሁም» አሉኝ።
ዝም አልኩ።
«ቢሆንም፣ ተለቅ አድርገህ አጥበህ ስጠኝ።»

ዛሬም ቆጣሪ አነባለሁ፤ ደመወዝ መተው ገና አልደፈርኩም።
ለጥር ሦስት ሠርግ ይዣለሁ፤ ዋጋ ስጠየቅ ግን ጉሮሮዬን ሳልጠርግ አልናገርም።
ትናንት ከፒያሳ ጀርባ አንዷ በር ከፍታ፣
«ፎቶ አንሺው መጣ!» አለች ወደ ውስጥ ተጣርታ።
ደስ ብሎኝ ቁጥሩን ሁለቴ ተሳስቼ ጻፍኩ።

ውሻዋ ግን ያው ውሻ ነው፤
ውጣ ነው የሚለኝ።