ክፍል አለው

የናቴን ማንኪያዎች ጨርቅ ላይ ደርድሬ፣
ገዢ ስጠባበቅ ትንፋሼን ቆጥሬ፣
አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀመጠ፣
ጆንያውን ፈትቶ መጽሐፍ ገለጠ።

ያን ዓመት ትብሊሲ መብራት አልነበራት፤
ሰልፍ ነበር ቁርሷ፣ ጨለማ ነበር ራት።
«ፕሮፌሰር!» ይሉታል፣ ቧንቧ ሻጩ ሳይቀር፣
ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ የቀልድ ነገር።
አንዞር ጊጋውሪ ነው ሙሉ ስሙ ሲጻፍ፣
የምድርን መናወጥ የሚያነብ እንደ መጽሐፍ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ነው ያስተማረው ይሄን፤
ደመወዙ ዛሬ አይገዛም ሦስት ዳቦን።

ሚዛን ሲያጣላቸው፣ ኩፖን ሲያደናግር፣
ሻጭና ገዢው ሁሉ እሱ ዘንድ ነው ሚያድር።
ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ እየጫረ፣
አስፋልቱ ላይ ሠርቶ ልክ ልኩን ነገረ።
እኔ ግን አንዳንዴ፣ እውነት ለመናገር፣
ይሄ ሁሉ ዕውቀት ምን ረባው እል ነበር።
ካልሲው ለየቅል ነው፣ ጫማው ተቀዷል፤
«የተማረ ይግደለኝ»? እሱን ብርድ ገድሎታል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር መኪና መጣ፣
ቤንዚን የሚነግድ ጎልማሳ ከውስጥ ወጣ።
«ያስታውሱኛል ወይ?»
«እንዴታ፣ ቤሲክ ነህ፣
የሰማንያ አንዱን ፈተና የወደቅህ።»
ሰውየው ሳቀና አንድ መጽሐፍ አነሣ፣
ሁለት ዶላር ላለው መቶ ሰጠ ሳይሳሳ።
«ያኔ አባቴ ቤትዎ መጥቶ ነበር በግ ይዞ፤
መለሱት ከደጃፍ፣ ተመለሰ ተክዞ።
ዛሬስ ይቀበሉኝ፣ ማን አየ፣ ማን ሰማ?»
እኔ አየሁ።
በሆዴም «ተቀበል!» አልኩ እኔማ።

ሽማግሌው ተነሣ፣ መደብ ለመደብ ዞረ፣
ከእኔም፣ ከቧንቧ ሻጩም፣ መቶዋን መነዘረ፣
እጁን ብርድ አደንዝዞት ሁለት ጊዜ ቆጠረ፣
ዘጠና ስምንቱን ከመዳፉ አኖረ።
«ሦስተኛው ጥያቄ» አለው፣ «ስለ ሞገድ ነበር፤
ፈሳሽ ሲገጥመው ለምን ይቀራል ሳይሻገር?
መልሱን አልጻፍክልኝም፣ ወረቀትህ ባዶ ነው፤
በጉም አልመለሰው፣ መቶውም አይመልሰው።
ማክሰኞ ክፍል አለኝ፤ ካልረፈደብህ ና፤
እኔስ አልረሳሁም፣ አላለቀም ፈተና።»

ቤሲክ ሄደ። ማክሰኞ መጣ አልመጣ፣ አላውቅም፤
እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም አልቀልድም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ቦታው ባዶ ይውላል፤
ፍልጥ በብብቱ ይዞ ሽቅብ ይወጣል።
አራት ልጆች አሉት ኮፍያ የደፉ፣
ቀለሙ ሲረጋ በትንፋሽ አሙቀው የሚጽፉ።
ሰው መጥቶ «የት ሄደ መጽሐፍ ሻጩ?» ሲል፣
«ፕሮፌሰሩን ነው?» እላለሁ ቀና ብዬ፣ «አለው ክፍል።»

በረዶም ሲጀምር፣ በጠመኔ የጻፈው፣
የማይገባኝ ስሌት፣ አስፋልት ላይ የተወው፣
እንዳይጠፋ ብዬ ማንኪያዬን አንሥቼ
እቆማለሁ፣ ጨርቄን ከላዩ ዘርግቼ።