ዘር የሌለው ዘር

ዋጊ ሸለቆ ላይ፣ ጉሙ ሳይነሣ ገና፣
ያራ ቦይ ትጠርጋለች፣ ጎንበስ ስትል፣ ቀና፤
ጭቃው እንደ አበዳሪ እግሯን ይዞ አይለቅም፣
እሷም ዕዳዋን ታውቃለች፣ ተቆጥታ አታውቅም።
ጎደሬ የተሸከመው የገመድ መረብ
ከግንባሯ ተንጠልጥሎ ወደ ወገቧ ቀረብ።

ዓምና ሰዎች መጥተው ሲባጎ ወጠሩ፣
አፈር በብልቃጥ፣ በከረጢት ቋጠሩ፤
በማንኪያ ቆፈሩ፣ በብሩሽ ጠረጉ፣
አንድ እፍኝ ጭቃ ከበው ሌሊቱን አወጉ።
ከዚያ አንዱ፣ መነጽሩን ጭቃ የነካው፣
“እናቴ፣” አላት፣ ድምፁን ደስታ እየሰበረው፤
“ከዚህ ቦይ ሥር ሌላ ቦይ አለ፣
ከሱ ሥር ደግሞ ሌላ፣
ሰባት ሺሕ ዓመት!”
ያራ ሳቀች።
“ያልተጠረገ ቦይ ይደፈናል፤
ይህን ለማወቅ ነው ባሕር የተሻገራችሁት?” አለች።

እኔ ስማር፣ መምህራችን ጠመኔውን ይዘው
እርሻን ከኤፍራጥስ አስጀመሩት፣ ነዶ አስይዘው፤
ሩዙን ከያንግትዜ፣ በቆሎን ከሜክሲኮ እየጠሩ
ከወንዝ ወደ ወንዝ ቀስት በቀስት አሰመሩ፤
ሞላ በነጭ መስመር ያ የግድግዳ ካርታ፣
ከታች በቀኝ ጥግ አንዲት ደሴት ቀረች በዝምታ።

ስንዴ ይሞታል። ይቀበራል። ልጁ ይቆማል በፈንታው።
የገብስም ዕጣ ያው ነው፣ ሁሉም ይጠብቃል ተራው።
ጎደሬ ግን፣
ያራ ሥሩን ለእራት ትቆርጥና
አናቱን ከነለጋው ግንድ ትተክላለች እንደገና፤
ልጁ አይደለም የሚያቆጠቁጠው፣ የልጅ ልጁም አይደለም፣
ያው የተበላው ራሱ ነው፣ ሲቆረጥ የኖረ ዘለዓለም።
እንግዲህ ስሟ ከጠፋ፣ መቃብሯ ከጠፋ ሴት
ያራ የወረሰችው ተረት አይደለም፣ አይደለም ርስት፤
ያቺ የዳበሰችውን ገላ ነው
ዛሬ ጠዋት ጭቃ ውስጥ የዳበሰችው። ያንኑ ቅርፊት።

እኛ አገር ዘር ስንል ሁለት ነገር ነው፣
አንዱን ጎታ እንከተዋለን፣ በሌላው ሰው እንለያለን፤
የትኛው እንደሚነቅዝ
ቆይቶ ነው የምናየው።
እስቲ ሙዝ ላጥ አድርገህ፣ “ዘርህ ምንድን ነው?” በለው፤
መሀሉ ላይ የጠቆሩ ነጥቦች፣ ሌላ መልስ የለው።
ግን ከዚህ ጓሮ ተነሥቶ፣ በታንኳ፣ በጨው ውሃ፣
“እንኪ ይህቺን ትከያት” ሲባል፣ ከጫካ እስከ በረሃ፣
አፍሪካ ገባ፤ ዛሬ ስንት ደጃፍ አለ
ሙዝን “የአባቴ ነው” የሚል፣ እየማለ!
እርሻ ሁሌ በዘማች አልሄደም፣ በቀስት፣ በካርታ፣
በሙሽራ ነው የሄደ፣ ከእናቷ ጓሮ አንዲት ቅንጣቢ
በእርጥብ ቅጠል ጠቅልላ፣ በስጦታ።
ስኳር ድንች እንኳ መጤ ነው፣ ባሕር ነው ያመጣው፤
ከያራ ማሳ ግን “ከየት ነህ?” ብሎ ማን አወጣው?

ማታ ማንዳ መጣች፣ የልጅ ልጇ፣
ለፖርት ሞርስቢ አውሮፕላን ነገ የምትነሣ፣
በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው ሻንጣዋን አንሥታ።
ያራ ምክር አልመከረች፣ ምራቋን እንትፍ አላለች፤
አንድ የጎደሬ አናት ቆረጠች፣ ጭቃውን አላጠበች፣
በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ከልብሶቹ መሀል ከተተች።
“አያቴ፣ እዚያ ሲሚንቶ ነው፤ የት አባቴ ልትከለው?”
አሮጊቷ ዞራ አላየቻትም፤
“የቀለም ባልዲ ጠፋ?” አለች፣ አካፋዋን ልትወለውለው።