የአልጋ ወራሹ ዋንጫ

ራይን ሲታጠፍ ባለች፣ በኦልደርስሃይም ከተማ፣
ፋይት የሚባል ቀራጭ፣ እጁ ከብር የተስማማ፤
አንድ የጥር ማለዳ፣ መልእክተኛ በሩን መታ፣
ዋንጫ ከብብቱ አውጥቶ፣ አስቀመጠ በዝግታ።
«ልዑል ተወልዷል» አለው፣ «ጻፍበት ሳታዛንፍ፤
ይኸው የማዕረጉ ዝርዝር፣ አንድ ቃል እንዳትገድፍ።»

ፋይት መነጽሩን ጠርጎ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፦
«ልዑል አልጋ ወራሽ፣ የቆላም ጌታ የደጋ፣
የሦስቱ ወንዞች መስፍን፣ የጨው ጉድጓዶች ባላባት፣
የሁለት ድልድይ ጠባቂ፣ የአንድ ፍርስራሽ ግንብ አባት።»
ዋንጫው ከአፍ እስከ ወገብ፣ ዙሪያውን በቃል ሞላ፤
ለሕፃኑ ስም የተረፈው፣ ከእጀታው ሥር፣ ከኋላ።
እዚያ፣ በገብስ ቅንጣት ልክ፣ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፦
ሌበሬክት። ያቺ ናት። እፍ ብሎ ብናኙን አራገፈ።

ልዑሉ ዋንጫ አይጨብጥ፣ ጣቱ ገና ክር ነው፤
ጡት ነው የሚያውቀው ግዛት፣ ከዚያ ወዲያ አገር የለው።
ሹማምንት እጅ ሲነሱ፣ በማዕረግ ላይ ማዕረግ ሲያረዝሙ፣
«እንቁራሪቴ» ነበረ፣ በሞግዚቷ አፍ ውስጥ ስሙ፤
ሆዱ ስለሚነፋ፣ እግሩን ስለሚያፈራግጥ፣
ጥርስ ሳያበቅል ስለሚጮህ፣ ውሃ ሲያይ ስለሚቀብጥ።
(ዋልቡርጋ ያወጣችውን፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤
የቤተ መንግሥት ጓዳ፣ ከገበያ ምን ይደብቃል?)

በእኔ ቋንቋ አልጋ፣ ቃሉ መንታ ወላጅ ነው፦
ንጉሥ የሚወጣበት፣ ድውይ የማይወርድበት ነው።
ሌበሬክት በስድስት ዓመቱ፣ ፈንጣጣ ሲጎበኘው፣
የትኛውን እንደወረሰ፣ ያኔ ነው የተለየው።
ሰባት ቀን ወረሰ አልጋ፣ በስምንተኛው ለቀቀ፤
ደወሉን ሲስብ የዋለ፣ የደዋዩ ክንድ ደቀቀ።

በሠልስቱ ያ መልእክተኛ፣ ያንኑ ዋንጫ ይዞ መጣ።
«ስሙን ፋቅ። ማዕረጉን አትንካ። ማዕረጉ አልሞተም» አለ። ቁጣ
አልነበረበት ድምፁ፤ ዋጋውን ቆጥሮ ሰጠ፣
«ወንድሙ ዲፖልድ ይጻፍ» ብሎ፣ በሩን ዘግቶ አመለጠ።

ስም ከመቃብር በላይ ነው፣ ሲባል እሰማ ነበር፤
እዚያ ግን ስም ተፋቀ፣ ማዕረግ ከላዩ ሊኖር።
መፋቂያው ጭር ጭር ሲል፣ ሌ ሄደ፣ በ ተከተለ፣
ሬ ላይ ሲደርስ እጁ፣ ጥቂት ቆም ብሎ ዋለለ።
የብሩ ብናኝ በሕግ፣ የግምጃ ቤት ነው ንብረቱ፤
ፋይት በሱረት ዕቃው፣ ደበቀው፤ ራደ ጉልበቱ።

ዲፖልድ ዘጠኝ ዓመት ለበሰ፣ ማዕረጉን እንደ ሰው ካባ፤
አንድ ቀን ፈረሱ ደንብሮ፣ ከወፍጮው ቦይ ውስጥ ገባ።
ዋንጫው መጣ። «ፋቅ» አለው፣ አሁን ሌላ መልእክተኛ፣
«ኤሚሽ ብለህ ጻፍበት፤ ልዑሉ ነው ሦስተኛ።»
ማዕረጉ እንደ ወፈረ ነው፤ ስም ያለበት ግን ቀጥኖ፣
የቀን ብርሃን ያሳልፋል፣ የሽንኩርት ልጣጭ ሆኖ።

ያን ሌሊት ፋይት ብናኙን፣ ሁለቱን ስም ባንድ አቅልጦ፣
በሰም ቅርጽ አፈሰሰው፣ ትንፋሹን በዝምታ ውጦ።
ሲነጋ፣ በረዶ እየረገጠ፣ ወደ ጓዳው በር አዘገመ፤
በዋልቡርጋ ሻካራ መዳፍ፣ ትንሽ ነገር አጋደመ፦
ባቄላ የምታክል፣
እግሯን የሰበሰበች
እንቁራሪት።
«ማዕረጓስ?» አለች ሴትዮዋ።
«የላትም» አላት። «አልጻፍኩባት።»

ፋይት ዐፈር ገባ በኋላ፣ ድንጋዩ ላይ ስሙ ብቻ፤
ኤሚሽ ሃያ ዓመት ሞላው፤ ቀረበለት ያ ዋንጫ።
አዳራሹ ቆሞ ሳለ፣ ከእጀታው ሥር ጠብ አለ፤
ጠብ፣ ጠብ፤ ነጭ ሱሪው ላይ፣ ቀይ ካርታ ተሳለ።
የሦስቱ ወንዞች መስፍን፣ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም፤
የጨው ጉድጓዱ ባላባት፣ ቅንጣት ያህል አልራሰም።
በስሙ በኩል ነው የፈሰሰው።

ልዑሉ ቀዳዳውን፣ በጣቱ ደፈነና
ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ፦
«ከእኔ በፊት እዚህ ጋ ማን ነበረ?»
አጋፋሪው እጅ ነስቶ፦
«ጌታዬ፣ ልዑል አልጋ ወራሽ ነበሩ።»
«ከእሱስ በፊት?»
«ልዑል አልጋ ወራሽ።»

ወይኑ በክርኑ ወረደ።
ጓዳ ውስጥ አንዲት አሮጊት
የመሃረቧን ቋጠሮ
ጨበጥ አደረገች።