ገጹ ሲገለበጥ

የከሰዓት ፈረቃ፣ የግንቦት ሐሩር፣
ቆርቆሮው ይንጣጣል እንደ ፈንዲሻ ዘር።
ስልሳ ሁለት ልጆች፣ መጽሐፉ ሠላሳ፣
ጠመኔ በእጄ፣ ላብ ባንገቴ፣ ድምፄ የከሳ።
«ኢፍቱ፣ ተነሺና አንብቢ» አልኳት፤
መጽሐፉን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ያዘችው፣
እንደ ትሪ፣ ሻይ እንደሞላበት።

አነበበች።
እንደ ውሃ ወረደች።
ነጥቡ ላይ አረፈች፣ ጥያቄው ላይ ድምጿን ሰቀለች፤
ምንባቡ ስለ ንብ ነበር፣ ንቧን አበረረች።

ነፋስ መጣ ያኔ ከደቻቱ ማዶ፣
አሸዋ ተሸክሞ፣ መስኮቱን በርግዶ፣
ገጹን ገለበጠው።

ቀጣዩ ምንባብ ስለ ወባ ነው።
ሥዕሉ ትንኝ ነው፣ አጎበር ነው።
ኢፍቱ ግን ንቧን ትታ አልሄደችም፣
አበባው ላይ ነች፤ ማሩን አልጨረሰችም።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
ጠመኔው ከጣቴ መሃል ተቆርሶ መሬት ደረሰ።

ለካ ስምንት ወር
የምታነበው የነኢማን አፍ ነበር።
ነኢማ ጎኗ ሆና ስታጠና ሰምታ፣
ከርዕሱ እስከ አራት ነጥቡ በጆሮዋ ሸምታ።
ፊደሉማ
ውሃ የፈሰሰበት የጉንዳን ሰልፍ ነው፤
«ሉ» ክንዷን ከወገቧ፣ «ሊ» ከእግሯ እንደምትዘረጋ
ቆሞ ያሳያት ማነው?
«ሰ» ቆብ ሲደፋ «ሸ» ይሆናል፣ ማን ነገራት?
«ሀ» ባልኩ ቁጥር ሦስት «ሀ» በሦስት በር ሲመጡባት
የቱን ትቀበል?

ሞኝ ናት እንዳትሉ።
ቅዳሜ አየኋት አሸዋ ገበያ፣ ከእናቷ የሽርጥ መደብ፣
ማን ስንት ወሰደ፣ ማን ስንት ቀረበት፣
ሳትጽፍ ስትይዝ፣ ሳትሳሳት ስታስብ።
በኦሮምኛ ተከራክራ፣ በሶማልኛ ሸጣ፣
እኔን በአማርኛ «ቲቸር፣ ለእርስዎ ቅናሽ አለ»
ብላ በርጩማ አምጥታ።

ካርዷ ላይ ግን የእኔ እጅ ጽሑፍ፣ በቀይ፦
«ትኩረት የላትም። ስልሳኛ። ወላጅ ይይ።»
ወላጅ አየች።
ፊደል የማታውቅ እናት ቀለሙን አየች፣
«ቀይ፣ ጎበዝ ማለት ነው?» አለቻት።
«አዎ» አለች ኢፍቱ።
ልጅቷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ የዋሸኋት።

ሰኞ ፀሐይ ሲበርድ ደቻቱ ወረድን።
ወንዙ የለም፣ አሸዋው አለ፤
ቤት የሚያህል ፊደል በዱላ ጫርን።
«ግቢበት» አልኳት።
ጫማዋን አውልቃ «ለ»ን በእግሯ ዞረች፣
በወገቡ ወጥታ «ሉ» አለች፤
እስከ ታች ወረደች፣ ቆመች፣ አሰበች፣
«ሊ»።
የሰው ፍየሎች «ሐ»ን ረግጠው አለፉ።
«ይቺ ትጥፋ፣ ሌሎቹ አይበቁም?» አለች፤
መልስ አልነበረኝም።

ተአምር አልሆነም።
ሰኔ ላይ ሃምሳ ሰባተኛ ወጣች፤
ርዕሰ መምህሩ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ፦
«ስድስት ሳምንት ሙሉ አሸዋ አቡክተህ ሦስት ደረጃ?»
ደረጃውን ቆጠሩ፤ ዳገቱን አልጠየቁኝ።

ያን ቀን ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣
መንገድ ልሻገር ስል፣ የቸኮልኩ መምህር፣
ኢፍቱ ከኋላዬ ቀረች።
አንዲት ባጃጅ ቆማ ሰው ታወርዳለች፤
የልጅቷ ጣት በአየር ላይ ይዞራል፣
ከንፈሯ ይላወሳል፣
«ቀ… ስ… በ…»

ባጃጇ ሄደች አቧራዋን ትታ፤
ኢፍቱ የቀረውን ፊደል በአፏ ይዛ፣ ጉንጯን ሞልታ፣
ቆየች።
ሁለት መኪና አለፈ። ሦስተኛው ጡሩምባ ነፋብኝ።
ከዚያ፣ ለእኔም ሳይሆን፣ ለአቧራው፣
«ል» አለች።

አንድ እግሬ አስፋልቱ ላይ ነበር።
መለስኩት።